ቆርቆሮ ነጋዴውና የሆፐርስ ክሮሲንግ እሾህ

እኔ አስተርጓሚ ነኝ። እዚህ ሜልቦርን ውስጥ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ፣ ከአከራዩ ጋር ሲጣላ፣ ወይ የልጁ አስተማሪ ስታስጠራው፣ መሃል ተቀምጬ የዚህን ወደዚያ፣ የዚያን ወደዚህ የማቀብለው እኔ ነኝ። የሥራው ሕግ አጭር ነው፤ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት በሽተኛ ሐኪሙን ከላይ እስከ ታች አዩትና «ይኼ ጡት ያልጣለ ልጅ ነው እኔን የሚያክመኝ?» አሉ። ምን ላድርግ? ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተላለፍኩ። ሐኪሙ እስከ ጆሮው ቀላ፤ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ሕግ ሕግ ነው።

ይኼን የማወራው ሙያዬን ለማሞገስ አይደለም። በዚችው ምላሴ፣ በአንዲት ቃል፣ የወንድሜን ልጅ ጋብቻ ገደል ልከተው ምንም አልቀረኝም ነበር ልላችሁ ነው። ቃሏ ቆርቆሮ ናት።

ወንድሜ ታላቄ ነው። ሃያ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ወጥቷል፤ ኖርዝ ሜልቦርን ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ሚስቱ የሞተችው ልጃቸው አሥራ ሁለት ዓመቷ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ጸጉር መጎንጎን ሳይቀር ከቪዲዮ ተምሮ ብቻውን አሳደጋት። የመጀመሪያ ሰሞን የጎነጎነላት ሹሩባ ኧረ እሱን እንኳ ባታዩት ይሻላል፤ ግን እኔን እንኳ አላስነካም። ልጅቷ ዛሬ ነርስ ናት። እሱ በአማርኛ ይናገራታል፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስለታለች፤ ሲጣሉም ሲታረቁም እንደዚያው ነው።

ይቺ ልጅ አንድ እሑድ አንድ ፈረንጅ ይዛ መጣች። ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ገና ከመግባቱ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል ሰማና፣ ማንም ሳይጠይቀው ወርዶ ከመኪናው ዕቃ አምጥቶ ጠገነው። ወንድሜ ዓመት ሙሉ በጨርቅ አስሮት የኖረ ቧንቧ ነው። «ጎበዝ ልጅ ነው» አለኝ በጆሮዬ። ለአሥር ደቂቃ ያህል ሁሉ ነገር ማር ነበር። ከዚያ ምሳ ላይ «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው።

ልጁ ትከሻውን ሰበቀና፣ «እንጃ፣ ቸርች ኦፍ ኢንግላንድ መሰለኝ። በአያቴ በኩል» አለ።

ወንድሜ ሊጎርስ ያነሳውን ሳህኑ ላይ መለሰው። ሬዲዮ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ነው፤ በማያገባው ነገር የማያውቀው የለም። «ያቺ፣ ሚስቱን ልፍታ ሲል ቢከለከል ተናዶ የራሱን ቤተ ክርስቲያን የከፈተ ንጉሥ የመሠረታት?» አለ። «መሠረቷ ፍቺ ነው እኮ! ሌላው ሰው ተጋብቶ ነው የሚፋታው፤ እነዚህ ከፍቺ ነው የጀመሩት! ልጄን ለዚህ አልሰጥም።»

«ዳድ! ፋይቭ ሀንድረድ ይርስ አጎ!» ብላ ጮኸች ልጅቷ።

«መሠረት መሠረት ነው» አለና ሳህኑን ገፋ።

በማግስቱ ፉትስክሬይ እኔ ቤት መጥታ እቅፌ ውስጥ ወድቃ አለቀሰች። «አክስቴ፣ አባዬ ካልመረቀኝ አላገባም» አለችኝ። በአማርኛ ነው ያለችው። ይቺ ልጅ በአማርኛ ካለቀሰች ነገሩ የምር ነው ማለት ነው። አንጀቴን በላችው።

ልጁን ያሳደጉት ሆፐርስ ክሮሲንግ የሚኖሩ ሴት አያቱ ናቸው፤ ሌላ ዘመድ የለውም። ሰማንያ ካለፋቸው ቆይቷል። ትውልዳቸው ግላስተንበሪ ከምትባል የእንግሊዝ ትንሽ ከተማ ነው። በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። «አስተርጓሚዋ አንቺ ነሽ?» አሉ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ። «የልጅቷ አባት ሃይማኖታችሁ በዚያ ወፍራም ንጉሥ ተጀመረ አለ አሉ። ከሱ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት ክርስቲያን ነበርን! ንገሪው! ቆይ፣ ተዪው፣ እኔው መጥቼ እነግረዋለሁ።» ከዚያች ቀን ጀምሮ በልቤ እሜቴ አልኳቸው፤ እዚህም እንደዚያው እጠራቸዋለሁ።

በእኛ ወግ እንዲህ ዘው ተብሎ አይገባም፣ ሽማግሌ ነው የሚላከው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወንድ ነው አልኳቸው።

«ሦስት ወንድ ከየት ላምጣ? ባሌ ሞቷል። ወንድሜ እንግሊዝ አገር ነው። ጎረቤቴ ደግሞ ቡድሂስት ነው። እኔው እበቃለሁ» አሉ።

እንግዲያውስ ብዬ ሥርዓቱን አስጠናኋቸው። ቁጭ ይበሉ ቢባሉ ነገርዎ ሳይሰማ አይቀመጡ፤ እሺ ሳይባሉ የቀረበልዎትን አይቅመሱ። ወረቀት ላይ ሲጽፉት በስልኩ ይሰማኛል።

ቀኑ ደረሰ። ጥር ላይ ነው፣ የእኛ ገና ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ አስፋልቱ የሚቀልጥበት ቅዳሜ። ወንድሜ ከጎኑ ያስቀመጠው አንድ ሰው ነው፤ ጋሼ ታክሲ እንላቸዋለን። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል፣ እዚህ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። በሃይማኖት ነገር እሳቸው ከተናገሩ በኋላ የሚጨምር የለም። እሳቸው ጆሮ የገባውን ደግሞ በማግስቱ ፉትስክሬይ በሙሉ ይሰማዋል። በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል፤ ላቡ በግንባራቸው ይወርዳል፣ ጋቢዋ ግን ንቅንቅ የለም። የወንድሜ ልጅ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋ ታዳምጣለች። ልጁ ታች መኪና ውስጥ ነው።

እሜቴ የገለባ ባርኔጣ ደፍተው፣ ምርኩዝ ይዘው፣ በራሳቸው እጅ የሠሩትን የእንጆሪ ማርማላታ በጠርሙስ አንጠልጥለው ገቡ። ጋሼ ታክሲ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በወጉ «ምን እግር ጣለዎት?» አሉ።

አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። «የትኛው እግር ነው እዚህ የጣለዎት ይላሉ» አልኩ በእንግሊዝኛ።

እሜቴ ጉልበታቸውን ጎንበስ ብለው አዩ። «ግራው ነው እንጂ። ቀኙማ አልታዘዝ ካለኝ ቆየ» አሉ።

ተረጎምኩት። ጋሼ ታክሲ ጥልቅ ነገር የተነገራቸው መስሏቸው ራሳቸውን በአክብሮት ነቀነቁ። «ቁጭ ይበሉ» አሉ። «ነገሬ ሳይሰማ አልቀመጥም!» አሉ እሜቴ፣ ልክ እንዳስጠናኋቸው። ወንድሜና ጋሼ ታክሲ ተያዩ። ወግ የሚያውቅ ፈረንጅ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። እኔ ደረቴ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ።

ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጀመሩ። ጌታ ካረገ በኋላ፣ አሉ፣ ሥጋውን ከጲላጦስ ለምኖ የገነዘው የአርማትያሱ ዮሴፍ ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር በመርከብ ወደ ብሪታንያ መጣ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ወንድሜ የዮሴፍን ስም ሲሰማ አማተበ። እኛ «ቅዱስ እግዚአብሔር» የሚለው ጸሎት እሱና ኒቆዲሞስ ጌታን ሲገንዙ የተሰማ ነው የምንል ሰዎች ነን፤ ዮሴፍ እንዲሁ እንደዋዛ የሚነሳ ሰው አይደለም። «መንገዱን እንዴት ዐወቀው?» ሲሉ ጠየቁ ጋሼ ታክሲ። እሜቴ ጥያቄው ደስ አላቸው። ዮሴፍ ድሮም ይመላለስ ነበር፣ ቲን ነጋዴ ነበር፣ ቲኑን የሚገዛው ከእኛ አገር ነበር አሉ።

ቲን። አፌ ላይ የመጣልኝ አንድ ቃል ነው።

«ቆርቆሮ ነጋዴ ነበር» አልኩ።

ወንድሜና ጋሼ ታክሲ ዞረው አዩኝ።

«ቆራሌው?» አሉ ጋሼ ታክሲ። ድምፃቸው ቀጠነ።

ምነው ምላሴን በቆረጠው! አዲስ አበባ ያደገ ሰው ያውቃል፤ ጆንያ አንግተው ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ አሮጌ ብረትና ጠርሙስ የሚገዙት ሰዎች «ቆርቆሮ ያለው!» እያሉ ሲጣሩ ሲጣሩ ቃሉ አጥሮ «ቆራሌው» ሆኖ ቀረ። ዛሬ ሳስበው፣ «የማዕድን ነጋዴ» ብል ምን ነበረበት? ግን ከአፍ የወጣ ወጥቷል።

«ወንጌሉ ባለጸጋ ሰው ነው የሚለው!» አሉ ጋሼ ታክሲ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «የከበረ አማካሪ ነው የሚለው! እናንተ ቆራሌው አደረጋችሁት?»

«ጆንያውን ተሸክሞ በየመንደሩ 'ቆራሌው' ሲል ታየኝ እኮ» አለ ወንድሜ። ደሙ ፈልቷል። «ልጄን ሊጠይቁ መጥተው ጌታን የገነዘውን ሰው…»

እሜቴ የፊታቸውን መለዋወጥ አይተው «ምን ሆኑ?» አሉኝ።

«ተመስጠው ነው» አልኩ። እነሆ ሕጌን የጣስኩት እዚህ ላይ ነው።

መመሰጣቸውን ሲሰሙ እሜቴ ጉልበት አገኙ። ዮሴፍ ብቻውን አልመጣም፣ አሉ፤ አንዳንዶች እንደሚሉት ጌታንም ገና ሕፃን ሳለ አንድ ጊዜ ይዞት መጥቷል። ይኼን ስተረጉም ወንድሜ ብድግ አለ።

«ጌታ የተሰደደው ወደ ግብፅ ነው! እንግሊዝ ምን ሊሠራ ይሄዳል?»

«ወንድም ጋሼ፣ ጣና ደሴት ድረስ መጥቷል ስትል አልነበረም እንዴ?» አልኩት፣ ዝም ማለት አቅቶኝ።

«ጣና ለግብፅ ቅርብ ነው!»

እሜቴ ይኼ ሁሉ ጭብጨባ መስሏቸዋል። ቀጠሉ። እነዮሴፍ ከመርከብ ወርደው አንድ ኮረብታ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ደክሟቸው ነበር፤ ኮረብታው ዛሬም «ሁላችን ደክሞናል» የሚል ስም አለው ይባላል። ዮሴፍ ምርኩዙን መሬት ላይ ሰክቶ ዐረፈ። ምርኩዙ ሥር ሰደደ፣ ቅጠል አወጣ፣ የእሾህ ዛፍ ሆነ፤ በየዓመቱ በገና፣ በዚያ ብርድ መሃል፣ ያብባል። ይኼን ሲሉ የራሳቸውን ምርኩዝ ምንጣፉ ላይ ጠቅ አደረጉ።

«በየትኛው ገና?» አሉ ጋሼ ታክሲ። ሁለት ገና ባለበት አገር የምንኖር ሰዎች ነን፤ ጥያቄው ያስኬዳል።

የእሜቴ ዓይን በራ። ለካ ይኼም ታሪክ አለው። ድሮ እንግሊዝ አገር የቀን አቆጣጠሩን ሲቀይሩ ገና ወደፊት ሮጠ። ሕዝቡ ግራ ገባው። «ዛፏ ትፍረደን» ብለው በአዲሱ ገና ሄደው ቢያዩዋት አንድ አበባ የለም። በአሮጌው ገና ተመልሰው ቢሄዱ ነጭ ሆና ጠበቀቻቸው።

ወንድሜ ተመልሶ ተቀመጠ። «አሮጌው ገና? የእኛ?»

«ወደ እኛ ይጠጋል» አልኩ።

«ዛፏ ኦርቶዶክስ ናት!» አሉ ጋሼ ታክሲ፣ ጭናቸውን መተው። ኡፎይ አልኩ። የመኝታ ቤቱ በር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ልጅቷም ኡፎይ ብላለች። በቃ፣ አለቀ፣ አሁን «ይቀመጡ እትዬ» ይባላል ብዬ ወንበሩን እንኳ በእግሬ ገፋ አደረግሁ።

እሜቴ ግን ገና አልጨረሱም። የዚያች ዛፍ ዘር የሆነች ዛፍ ግቢዬ ውስጥ አለች አሉ። ባለቤታቸው በመርከብ ሲመጡ ቅርንጫፏን እርጥብ ካልሲ ውስጥ ጠቅልለው አምጥተው ነው የተከሏት።

«እዚህ ሆፐርስ ክሮሲንግ? ታዲያ ዘንድሮ በገና አበበች?» ጠየቁ ጋሼ ታክሲ።

እሜቴ መዋሸት አያውቁበትም። «አይ፣ እዚህ አገርማ ገና በጋ ነው። የምታብበው በክረምት ነው፤ ጁን መጨረሻ፣ ጁላይ መጀመሪያ ላይ» አሉ።

ልዋሽ አሰብኩ? አሰብኩ። ግን አንድ ጊዜ ዋሽቼ የመጣውን አይቼዋለሁ። ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተላለፍኩ።

ወንድሜ ወደ ኋላ ተደገፈ። «አያችሁ? ባሕር ስትሻገር ሃይማኖቷን የረሳች ዛፍ ናት። ልጁም እንደሷው ነው» አለ። ከዚያ፣ ጋሼ ታክሲ እያዩት፣ እየሰሙት፣ «ዛፏ በጌታ ልደት ስታብብ ልጄን እሰጣለሁ። ቃሌ ነው!» አለ።

እሜቴ አርባ ደቂቃ ቆመዋል። የተባለውን ነገርኳቸው። ማርማላታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ያቺን ያልታዘዘች እግር እየጎተቱ ወጡ። የወንድሜ ልጅ ከመኝታ ቤት ወጥታ ክንዳቸውን ይዛ አብራቸው ወረደች። አባቷን ቀና ብላ አላየችውም። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ አስቀያሚ ነበር። ልጅቷ አባቷን አልተወችውም። በየእሑዱ አስቤዛውን ገዝታ ትመጣለች፣ ፍሪጅ ውስጥ ትደረድራለች፣ «ባይ ዳድ» ትላለች፣ በሩ ይዘጋል። ያ ነው ጉብኝቱ። ወንድሜ «እኔ ልክ ነኝ» ይላል። ማንም ሳይጠይቀው ነው የሚለው። ስሄድ ግን የእሜቴን ማርማላታ አያለሁ፤ በሄድኩ ቁጥር ጎድሏል። ቤቱ ውስጥ ዳቦ የለም። በማንኪያ ነው የሚበላው ማለት ነው።

እኔም ጥፋቴ እንቅልፍ ነስቶኝ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ስለዚህ ዮሴፍ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ የብሪታንያ ንጉሥ ለሮማው ፓፓ «ክርስቲያን አድርጉኝ» ብሎ ጻፈ የሚል ሌላ ታሪክም አገኘሁ። አንዳንድ ምሁራን የሚሉት ደግሞ ንጉሡ የሌላ አገር ሰው ነው፤ አንድ ጸሐፊ የንጉሡን ግንብ ስም ሲገለብጥ ተሳስቶ ብሪታንያ አደረገው። አስቡት፣ አንዲት ቃል ስቶ አገር በሙሉ አጠመቀ! ሰውየውን ባገኘው ግንባሩን እስመው ነበር። እኔ የበተንኩት አንድ ጋብቻ ነው።

ለወንድሜ ደስ ይለው መስሎኝ ነገርኩት። «የዮሴፉንም ታሪክ መነኮሳት ዘግይተው የጨመሩት ነው ይላሉ ምሁራኑ» አልኩት።

ተቆጣ! «የማንን ታሪክ ነው ምሁር አምኖ የሚያውቀው? የእኛንስ ተረት ነው ይሉ የለም? ሴትዮዋ ከእናታቸው የሰሙትን ነው የነገሩን። አርባ ደቂቃ ቆመው!» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። ወይ ጉድ፣ ይኼ ሰውዬ ለማን ነው የሚከራከረው አልኩ በሆዴ።

ሰኔ ካጋመሰ በኋላ ወንድሜ ደወለ። «ዛፏ አብባለች አሉ። ሰኞ ሳምንት ሄደን እናያለን። ጋሼ ታክሲም ይምጡ።»

«ማን አለ? ደግሞ ሰኞ ለምን? እሑድ አይሻልም? ሥራ አለኝ እኮ ወንድም ጋሼ።»

«ሰኞ ነው ያልኩሽ!» ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እያጉረመረምኩ ቡኪንጌን ካንስል አደረግሁ።

ሰኞ ወንድሜ ከኖርዝ ሜልቦርን በባቡር ተሳፍሮ መጣ፣ እኔና ጋሼ ታክሲ ፉትስክሬይ ላይ ገባንበት። ሱፍ ለብሷል፣ ከረባት አስሯል። ጭኑ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዟል፤ ገለጥ አድርጌ ባየው የማርማላታው ጠርሙስ ነው፣ ታጥቦ ያብለጨልጫል። ወዴት ነው ነገሩ ብዬ ባየው ወደ ውጭ እያየ ፏጨ።

እሜቴ በራፍ ላይ ጠበቁን። የወንድሜ ልጅና ልጁም አሉ፤ ሁለቱም ከሥራ ፈቃድ ወስደዋል፣ ሁለቱም የፈተና ውጤት የሚጠብቁ ይመስላሉ። ጠረጴዛው ላይ ትኩስ ኬክ ቀርቧል። የሐዋርያት ጾም ነው፤ ጋሼ ታክሲ ቅቤ እንዳለው እንድጠይቅ በክርናቸው ጎሰሙኝ። አፌን ሳልከፍት «ዘይት ነው፣ ቅቤ የለበትም፣ ወተትም የለበትም» አሉ እሜቴ። ማን ነገራቸው? ልጅቷ ትሆናለች ብዬ አለፍኩት።

ወደ ጓሮ ወጣን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኔ የዚያ ሁሉ ታሪክ ዛፍ የሚያክል ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር። አጥር ሥር የቆመች፣ የጎበጠች፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ እሾሃም ነገር ናት። ራቁቷን ቅርንጫፍ ላይ እዚህም እዚያም ጥቂት ነጭ አበባ። ጠጋ ብዬ ባሸተው፣ ይቅር ይበለኝ፣ ያደረ ዓሣ ዓሣ ይላል። ግን አብባለች። በዚያ ብርድ ሌላው ዛፍ ሁሉ በድን ሆኖ እሷ አብባለች።

ጋሼ ታክሲ ሁለት ጊዜ ዞሯት። «አበባስ አበባ ነው» አሉ። «ግን ገና አይደለም። ወንድማችን የተናገረው በጌታ ልደት ብሎ ነው። ቃል ቃል ነው።»

የልጅቷ ፊት ሲጠቁር አየሁ። ልጁ እጇን ያዘ።

ወንድሜ ሰማይ ሰማዩን አየ። «ለመሆኑ ጋሼ፣ ዛሬ በእኛ ስንት ቀን ነው?» አለ። የሆነ በቃሉ ያጠናው ነገር ይመስል ነበር።

ጋሼ ታክሲ በጣታቸው ቆጠሩ። «ትናንት አማኑኤል ነበር… ሃያ ስምንት… ዛሬ ሰኔ ሃያ…» ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሃያ ዘጠኝ! በዓለ ወልድ!»

እኔም ክው አልኩ። ገና ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሃያ ዘጠኝ በመጣ ቁጥር የጌታን ልደት እናስባለን። የገና ታናናሽ እህቶች ናቸው።

«ባሕር ተሻግራ ክረምትና በጋው ተገልብጦባት እንኳ ቀኗን አልሳተችም!» ጋሼ ታክሲ ጮኹ። «ዮሴፍ ቆርቆሮም ይሽጥ ጠርሙስ፣ ጻድቅ ሰው ነው!» ዛፏን ሊሳለሙ ጎንበስ አሉ፣ እሾሁን አይተው ተመለሱ። ወንድሜ «ጉድ! ጉድ!» እያለ ራሱን ይዞ ይደነቃል።

በዚህ መሃል እሜቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና በሹክሹክታ፣ «አሁን ነው እኔ 'ሃያ ዘጠኝ' የምለው?» አሉኝ። «ሃያ ዘጠኝ»ን በአማርኛ ነው ያሉት። ዘጠኟ ተሰባብራ ወጣች እንጂ ልክ ነበረች።

ቀስ ብዬ ወንድሜን አየሁት። ከረባቱን ነካካ።

ጎተት አድርጌ ወደ አጥሩ ወሰድኩት። «አንተ ሰውዬ!»

«ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል» አለ፣ በዓይኑ ወደ ጋሼ ታክሲ እያመለከተ። ለካ ማርማላታው ሲያልቅ ራሱ ለእሜቴ ደውሏል። ያለ አስተርጓሚ! በዚያ በአውቶቡስ እንግሊዝኛው! ሊያመሰግን ነው የደወለው፤ ከዚያ ዛፏ ከመቼ እስከ መቼ እንደምታብብ ጠየቀ፤ ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑን ካሌንደር ከግድግዳ አውርዶ ቀን መረጠ። ያለ ቅቤ ጋግሩ ያለውም እሱ ነው።

«ምን ብለህ ነገርካቸው?»

«አይ ሴይ ባድ ዎርድ፣ ፕሊስ ሄልፕ አልኳቸው። ገባቸው።» ከዚያ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «በሰው ፊት የተናገርኩትን ብቻዬን መልሼ መዋጥ አቃተኝ፣ እህቴ። ፈርቼ ነበር። እናቷ ሄደች፣ እሷ ደግሞ ስትሄድ፣ በዚያ ሰባተኛ ፎቅ… ንጉሡ ምናባቱ፣ እሱ ምክንያት ነው። በየእሑዱ ያ በር ሲዘጋ ስሰማ ግን፣ እሺ አልልም ብዬ ነው ያጣኋት አልኩ። እሺ የምልበት መንገድ ነው የቸገረኝ።»

ስድስት ወር የተቀየምኩት ሰውዬ ላይ ጥምጥም ብዬ አለቀስኩ። ጋሼ ታክሲ በተአምሩ የተነካን መስሏቸው «እልል በሉ እንጂ!» አሉ።

ወንድሜ ተመለሰና ከሁሉ አስቀድሞ ወንበር አምጥቶ እሜቴ ኋላ አደረገ። «ይቀመጡ፣ እትዬ» አለ በአማርኛ። አልተረጎምኩም። እሜቴም አልጠየቁኝም፤ ተቀመጡ።

ልጅቷ አባቷ እግር ሥር ዝቅ አለች፤ ልጁም ምን እንደሚደረግ ሳያውቅ አብሯት ተንበረከከ። «አባዬ» አለች። ወንድሜ የሁለቱንም ራስ ዳሰሰና ምርቃቱን ጀመረ። «ውለዱ፣ ክበዱ። እንጀራ ይውጣላችሁ። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። እንቅፋት አይምታችሁ፣ እሾህ አይውጋችሁ!» ሲል ክንዱን ወደ ሰማይ ወረወረው፤ ዛፏም ጠበቀችው፣ መዳፉ ላይ ስክት አለች። «ኧረ እናቴ!» ብሎ ዘለለ።

«ምን አሉ?» አሉኝ እሜቴ።

«'እሾህ አይውጋችሁ' አለ። ከዚያ 'ኧረ እናቴ' አለ» አልኩ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ።